«ኦሮማይ»ን ሳላነብ ስተርክ ኖሬ

«ሰሞኑን ምን አነበብክ?» ለሚሉኝ ወዳጆቼ መልሴን ስነግራቸው ይስቃሉ። «ኦሮማይ» ነው። ይህን መጽሐፍ ያላነበበ፣ ወይም አንብቤያለሁ የማይል፣ የእኔ ዘመን ሰው አላውቅም። እኔም ብሆን ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ በየሻይ ቤቱ ስከራከርበት፣ ላላነበቡት ስተርክላቸው ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ከዳር እስከ ዳር፣ ሳልቸኩል፣ እርሳስ ይዤ ሳነበው ግን አንድ የሚያሳፍር ነገር ተገለጠልኝ። እስከ ዛሬ አውቀው የነበረው የደራሲውን መጥፋት ኖሯል፤ መጽሐፉን አላውቀውም ነበር።

መጀመሪያ እጄ የገባው በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብጦ፣ ከአንድ የሠፈር ልጅ በውሰት። የተፈቀደልኝ አንዲት ሌሊት ብቻ ነበረች፤ ጧት ከሌላ ተራ ጠባቂ እጅ መግባት ነበረበት። እንዲህ ሆኖ የተነበበ መጽሐፍ ተነበበ ይባላል? እያንዳንዱን ገጽ የገለጥኩት «በዓሉን ያስበላችው የትኛዋ ዓረፍተ ነገር ናት?» እያልኩ ነው። ውሻ በጮኸ ቁጥር መጽሐፉን ከፍራሹ ሥር እከተዋለሁ። ፊያሜታ ጊላይን ሳይቀር እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ ነው ያነበብኳት። ጧት ዓይኔ ቀልቶ መጽሐፉን ስመልስ «እንዴት ነው?» ብባል «ጉድ ነው!» ከማለት በቀር የምለው አልነበረኝም።

ታሪኩን የማያውቅ የለም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ልብ ወለዱን አሳተመ። በጥር 1974 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ የተጀመረውን የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ ከውስጥ ሆኖ ያየ ሰው ነበር፤ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበርና። መጽሐፉ ገበያ ላይ ብዙ ሳይቆይ ታገደ። ደራሲውም ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ቮልስዋገኑ በቃሊቲ መንገድ ቆማ ተገኘች፤ እሱ ግን መቃብሩ እንኳ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ይህ ታሪክ ከባድ ነው። ከመክበዱም የተነሣ መጽሐፉ ላይ ተቀምጦበት ቀርቷል።

ከተቀመጠበት ያስነሣችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። አሜሪካ ያደገች ስለሆነች አማርኛ ትሰማለች እንጂ ማንበብ አይሆንላትም። ክረምቱን ልትጠይቀን ስትመጣ በ2017 ዓ.ም. የወጣውን የዴቪድ ዴጉስታንና የመስፍን ፈለቀ ይርጉን የእንግሊዝኛ ትርጉም ይዛ መጣች። መግቢያውን ዘላ በቀጥታ ምዕራፍ አንድ የምትጀምር ዓይነት አንባቢ ናት (እኔ ደግሞ መግቢያ አንብቤ መጽሐፉን የምተው ዓይነት ነኝ)። ግማሹ ላይ ስትደርስ፣

«ጋሼ፣ ይሄ ፀጋዬ የሚባለው ሰውዬ ሥራው እኮ ሰው ማሳመን ነው። እኔ ለምንድን ነው የማምነው?» አለችኝ።

የቮልስዋገኗን ታሪክ ጀመርኩላት። በትዕግሥት ሰምታኝ ስታበቃ «እሱማ ደራሲው ነው። እኔ የጠየቅሁዎት ስለ ፀጋዬ ነው» አለች። አፌን ያዝኩ። በዚያው ሌሊት የራሴን ቅጂ ከመደርደሪያ አወረድኩ።

እውነቷን ነው። ፀጋዬ ኃይለማርያም ታሪኩን ራሱ በ«እኔ» የሚተርክልን ጋዜጠኛ ነው። አሥመራ የሚላከው የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ ሊመራ ነው። እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ የሚሄድበት ጉዳይ ይህ ነው እንጂ እውነት ፍለጋ አይደለም። እኛ ግን ደራሲው በመጽሐፉ ምክንያት ስለ ጠፋ፣ ተራኪውንም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እውነት ተናጋሪ አድርገን ሾምነው። ልብ ብዬ ሳነበው ያገኘሁት ፀጋዬ ሌላ ነው። መፈክሩ ከአፉ የማይወጣለት፣ የሚያየውን አይቶ ወደሚሠራው የሚመለስ፣ ብልህነቱን ለመንግሥት ያከራየ ሰው ነው። የሚወደድም ነው፤ ይህ ነው ችግሩ። ስለሚያጫውተን እናምነዋለን። በዓሉ ይህን አውቆ ነው የጻፈው ብዬ አምናለሁ፤ ራሱ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነዋ! እንግዲህ መጽሐፉ አለቆቹን ብቻ የከሰሰ አይመስለኝም። እስክሪብቶ ይዞ አብሯቸው የበረረውንም ከስሷል። ይህን ክስ እኛ አንባቢዎቹ ውድቅ አድርገን፣ ተከሳሹን ጀግና ብለን አሰናበትነው።

ይህ ከሥነ ጽሑፍ ጨዋታ ያለፈ ነገር ነው። ከዚያ ዘመን ወዲህ ስንት ዘመቻ አየን፤ ለእያንዳንዱም የሚጽፍ፣ የሚያስጨበጭብ፣ አንደበተ ርቱዕ ፀጋዬ አልታጣም። በእኛ ዓይን ፀጋዬ ንጹሕ ሆኖ ከኖረ የዛሬዎቹን በምን እናውቃቸዋለን?

አሁን ደግሞ እንከኑን ልናገር፤ ለበዓሉ የሚቆረቆሩ ይቅር ይበሉኝ። ፊያሜታ ገና ብቅ ስትል መልኳና ቁመናዋ ይተረካል፤ እንደገናም ይተረካል። ስታስብ ግን ብዙ አናያትም። ሮማንም ብትሆን ከናፍቆትና ከጥርጣሬ ያለፈ ሥራ አልተሰጣትም። የስለላው ክፍል፣ ሥዕላይ ባራኺ ያለበት፣ ልብ ያንጠለጥላል፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ ሲኒማ ሲኒማ ይላል። በአንዲት ሌሊት ሳነበው ይህ ሁሉ አልታየኝም ነበር። ፍርሃት ለካ ጥሩ ቅመም ነው።

የቀረውስ? የቀረው እጅግ ጥሩ ነው። አሥመራ እንደ ከተማ ትኖርበታለች። መንገዶቿ፣ ቡና ቤቶቿ፣ ጣሊያንኛና ትግርኛ የተቀላቀለበት ወሬዋ ጭምር። ርዕሱ ራሱ ከዚያ የተለቀመ ነው። ከጣሊያንኛ መጥቶ በአሥመሬዎች አፍ «አበቃ፣ አከተመ» ለማለት የሚነገር ቃል ነው። የባለሥልጣናቱ ነገርም አለ። በዓሉ አይሳደብም፤ ያስቀምጣቸዋል፣ ያናግራቸዋል፣ እኛ እንስቃለን። ከዚያ ናቅፋ ይመጣል፤ ተራራ 1702። እዚያ ምዕራፍ ላይ እርሳሴን አስቀመጥኩ። እስከዚያ ድረስ በቃላት የኖረው ፀጋዬ ቃል የማይሠራበት ቦታ ይደርሳል። ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል፤ እሱም ያያል። ዘመቻው ናቅፋን ሳይዝ እንደ ቀረ ታሪክ ያውቃል። ልብ ወለዱ የነገረን ግን ለዚያ ሽንፈት አስቀድሞ የድል ዜና ሲያዘጋጅ የነበረ ሰው ምን እንደሚሰማው ነው።

ነገሩ ሲከነክነኝ ወደ ኋላ ሄጄ ሁለቱን ቀደምት መጻሕፍቱን ጨመርኩባቸው። የ1962ቱን «ከአድማስ ባሻገር» እና የ1972ቱን «ደራሲው» ማለቴ ነው። የመጀመሪያው አበራ ወርቁ በቢሮና በሥዕል መካከል ሲዋልል እናያለን፤ መጽሐፉ አሁንም ትኩስ ነው፣ ምልልሱ ግን እዚህም እዚያም ንግግር ይሆናል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን አይቶ ነው የጻፈው ሲባል የኖረውን «ደራሲው»ን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለሐሜቱ ስል ነበር ድሮ ያነበብኩት። ሦስቱን አከታትዬ ስጨርስ አንድ ጥያቄ ነው ያየሁት። ጥበብ ያለው ሰው እንጀራ ለሚሰጠው ቢሮ ምን ያህል ራሱን ይሸጣል? «አዲስ ሪፖርተር»ንም «አዲስ ዘመን»ንም ለመራው ለበዓሉ ይህ ጥያቄ ከደጅ የመጣ አልነበረም። አበራ ያመነታል፤ የ«ደራሲው» ሲራክ ከብዕሩ ጋር ይታገላል፤ ፀጋዬ ደግሞ ፈርሞ ይገባበታል።

ይህን ሁሉ ለአንድ የቆየ ወዳጄ ባጫውተው ተቆጣ። «ለሥራው ሕይወቱን የከፈለን ሰው እርሳስ ይዘህ ታርማለህ?» አለኝ። እኔም በዓሉ ሕይወቱን የከፈለበትን ነገር በአንዲት ሌሊት ሩጫ አንብቤ ሠላሳ ዓመት ማውራቴ ይበልጥ የሚያሳፍር እንደሆነ ነገርኩት። አልተስማማንም። ሲወጣ ግን ቅጂዬን ከነእርሳስ ምልክቱ በብብቱ ሥር አድርጎ ሄደ፤ እስከ ዛሬም አልመለሰልኝም። እኔ «ሐዲስ»ን ጀምሬያለሁ፤ ገና ሠላሳ ገጽ ላይ ነኝ።