«በወንድ ያልቅ» ስለሚለው ምሳሌ

በአጋሮ ሳስተምር «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ምሳሌ በሰሌዳ ላይ ጽፌ ተማሪዎቼን አስገለብጥ ነበር። የቃሉን ማማር እንጂ የነገሩን እውነትነት መርምሬ አላውቅም። አሁን በጡረታዬ ዘመን ይህን ምሳሌ እንደ አንድ መጽሐፍ ቆጥሬ ልተቸው ተነሥቻለሁ፤ ትችቱም ከራሴ ይጀምራል።

ምስክሬ ከዚሁ ከቡናው አገር የወጣች ሴት ናት። አስቴር ጋኖ ነጻ ሆና ተወልዳ ሳለ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። ባሕር ተሻግራ ልትሸጥ ስትወሰድ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ዓ.ም. የኢጣልያ መርከብ አስጣላትና በእምኩሉ ወደ ነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። በዚያ ተምራ 15,000 ያህል ቃላት ያሉበትን የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አሰናዳች። ከአእምሮዋም 500 ያህል ተረት፥ እንቆቅልሽ፥ ምሳሌና ዘፈን ጻፈች፤ ብዙውም በ1894 በታተመው የጀማሪዎች ማንበቢያ ገባ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ከአገሩ ተነጥቆ ስለ ነበር ቋንቋው ሲያጥረው የሞላችለት እርሷ ናት። በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሁለቱ ድካም አለበት።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ምሳሌውን በዚህ ሚዛን ላይ አኑሩት። በዚህ ሥራ ያለቀው የማን ዕውቀት በማን ነው?

እኔ ግን ለብዙ ዘመን ለተማሪዎቼ የነገርሁት የኦኔሲሞስን ስም ብቻ ነበር። ኦኔሲሞስ ክብር ይገባዋል፤ እርሷን የዘነጋሁ እኔ ነኝ። ምሳሌውን ለልጆች ሳስገለብጥ ለካ በራሴ ልብም ተገልብጦ ኖሯል።

ጉዳቱ በዕውቀት ብቻ አይቆምም። የሴት ዕውቀት በወንድ ካለቀ፥ እምነቷስ? ባለፈው የለቀማ ወራት ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷን ቡና በአልጋ ላይ ስታሰጣ አገኘኋት። ስታገባ ሃይማኖቷን ለውጣ ነበር፤ ከየትኛው ወደ የትኛው እንደ ሆነ አልጽፍም፥ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት የሚሆን ነውና። በሠርጓ ዕለት እኔም አብሬ አጨብጭቤአለሁ። «ልጄ፥ ወደሽ ነበርን?» አልኋት። እጇን ከቡናው ሳታነሣ «መምህር፥ እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለችኝ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ ያደርግ ነበር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን አንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነጻነት፥ አንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ይናገራል። ሁለቱን ለየብቻ ማንበብ ስሕተት ነው፤ ሁለቱም በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ ይገናኛሉና። በ2003 ዓ.ም. በአሰንዳቦና በዙሪያው አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ የሃይማኖት ነጻነት ተደፈረ ብለን ጮኽን፤ መጮኻችንም የተገባ ነበር። ነገር ግን ያለ እሳትና ያለ ጢስ በጓዳ ለሚደፈረው ማን ጮኸ?

ሚስት የባሏን ሃይማኖት ወዳ ብትከተል መብቷ ነው፤ ባልም የሚስቱን ቢከተል እንዲሁ። ነገሩ መከተሉ ሳይሆን መጠየቁ ነው።

ስለዚህ ይህን ምሳሌ ከሰሌዳ ላይ ፍቃችሁ እንድትጥሉት አልመክርም፤ ልጆች በመንገድ መስማታቸው አይቀርምና። ጻፉት፤ ከሥሩ ግን የአስቴር ጋኖን ስም ጻፉበት፥ ከስሟም በታች ይህን አንድ ጥያቄ፦ እርሷን ማን ጠየቃት?