ለተሸናፊው የተቀመጡ ስምንት ወንበሮች

የሞሪሸስ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ አባሪ የምርጫ ስሌት ነው። ከሕግ ባለሙያና ከምርጫ አስፈጻሚ በቀር ገልጦ የሚያነበው ሰው ጥቂት ይመስለኛል። ስለ ሲዉሳጉር ራምጉላም የመሪነት ጥበብ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ግን ከሐውልታቸውም ከንግግራቸውም አስቀድሜ የማሳየው ይህንኑ አባሪ ነው። ራምጉላም ሐኪም ነበሩ። በህንድ ውቅያኖስ ላይ ያለችውን ትንሿን ደሴት እ.ኤ.አ. በ1968 ለነጻነት አብቅተው እስከ 1982 በጠቅላይ ሚኒስትርነት መሯት (ቀኖቹም ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሌቱን ብቻቸውን አልቀመሩትም። በ1966 ባንዌል የሚመሩት የእንግሊዝ ኮሚሽን ያቀረበው ሐሳብ አገሩን አላስማማም፤ ከለንደን የመጡት ጆን ስቶንሃውስ ከየወገኑ ጋር ተነጋግረው አሁን ያለውን መልክ አስያዙት። በራምጉላም በኩል የተሰለፉት የሙስሊሞቹ መሪ አብዱል ራዛቅ መሐመድም ለወገኖቻቸው ዋስትና ካልተሰጠ አይሆንም ብለው የጸኑ ሰው ነበሩ። የራምጉላም ድርሻ ይህን ሁሉ ፍላጎት በአንድ ገበታ ዙሪያ አቆይቶ፣ ሥራው ሳይፈርስ እስኪያልቅ መታገሥ ነበር።

ስሌቱን ቀረብ ብለን እንየው። ዋናዋ ደሴት በ20 የምርጫ ክልል ተከፍላለች፤ እያንዳንዱ ክልል ሦስት ተወካይ ይልካል፤ መራጩም ሦስት ድምፅ ይሰጣል። የሮድሪግስ ደሴት ሁለት ስትጨምር 62 ወንበር ይሆናል። ይህ ሲያልቅ ስምንት ወንበሮች ይቀራሉ፤ የሚሰጡትም ተወዳድረው ለተሸነፉ ሰዎች ነው። መጀመሪያ ለአራቱ ወንበሮች የሚጠየቀው፣ ከአገሪቱ ማኅበረሰቦች በምክር ቤቱ ውስጥ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ያነሰ ውክልና ያገኘው የትኛው ነው የሚለው ነው። ሕጉ የሚያውቃቸው አራት ናቸው፤ ሂንዱ፣ ሙስሊም፣ የቻይና ተወላጅ፣ ከእነዚህ ውጭ ያለው ደግሞ በአንድነት ጠቅላላ ሕዝብ ይባላል። የእያንዳንዱ ማኅበረሰብ የሕዝብ ቁጥር ይወሰድና፣ ባገኘው የወንበር ብዛት ላይ አንድ ተደምሮ ለዚያ ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል 200,000 ሕዝብ ያለው ማኅበረሰብ ዘጠኝ ወንበር ቢያገኝ ለ10 ተካፍሎ 20,000 ይወጣል። 30,000 ሕዝብ ያለው ደግሞ አንድም ወንበር ባያገኝ ለ1 ተካፍሎ እዚያው 30,000 ላይ ይቆማል። ወንበሩ ትልቁ ቁጥር ላለው ስለሆነ የሚሰጠው ለትንሹ ማኅበረሰብ ነው። ወዲያው ስሌቱ እንደገና ይሠራል። ትንሹ ማኅበረሰብ አሁን አንድ ወንበር ስላለው ለ2 ይካፈልና 15,000 ይሆናል፤ ተራውን ለሌላው ይለቃል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ያ የሚደመረው አንድ ነው። እሱ ባይኖር ምንም ያላገኘው ማኅበረሰብ ለዜሮ ይካፈል ነበር፤ ስሌቱ ከሁሉ በላይ ሊረዳው የመጣው ወገን ዘንድ ሲደርስ ይቆም ነበር። አንዱ ሲጨመርለት ጥያቄው ሁሉ ይቃናል፤ “አሁን ስንት አለህ?” መሆኑ ይቀርና “አንድ ብንጨምርልህ የሚደርስህ ስንት ነው?” ይሆናል። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውም የፓርቲ አለቃ የወደደው ሰው አይደለም። ከዚያ ማኅበረሰብ ከተሸነፉት የፓርቲ ዕጩዎች መካከል በየምርጫ ክልሉ ከፍ ያለ የድምፅ መቶኛ ያገኘው ነው። የመራጩ እጅ እዚህም ድረስ አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛዎቹ አራት ወንበሮች ሌላ ሥራ አላቸው። የመጀመሪያዎቹ አራት ያለ ፓርቲ ልዩነት ስለተሰጡ የምርጫውን ውጤት ሊያዛቡት ይችላሉ፤ ሁለተኛዎቹ ያንን ያቃናሉ። የ1967ቱን ምርጫ እንውሰድ። የራምጉላም የነጻነት ጥምረት 39 ወንበር አገኘ፣ ተቃዋሚው የጋኤታን ዱቫል ፓርቲ 23። ስምንቱ ሲታደሉ 43 እና 27 ሆኑ። ልዩነቱ ከእደላው በፊት 16 ነበር፣ ከእደላውም በኋላ 16 ነው። ያሸነፈው አሸንፏል፤ የተሸነፈው ግን አገሩ ውስጥ ቦታ አለው። እንዲህ ያለ ሥራ ጌጥ የለውም፤ መገጣጠሚያው ግን ፀጉር አያስገባም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? ደሴቷ ከመርከብ የወረደ እንጂ ጥንት የነበረ ሕዝብ የላትም። ደች መጡ፣ ፈረንሳዮች መጡ፣ ከዚያ እንግሊዞች። ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ ሰዎች በባርነት ተጋዙ። ባርነት በ1835 በቀረበት ዘመን የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ከህንድ የኮንትራት ሠራተኛ አስመጡ፤ ከ1834 እስከ 1920 ባለው ጊዜ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በፖርት ሉዊስ ወደብ በኩል ገባ። ከእነዚያ አንዱ የራምጉላም አባት ነበሩ፣ ከቢሃር የመጡ። ልጁ በ1900 ቤል ሪቭ በምትባል መንደር ተወለደ፤ አባቱን በሕፃንነቱ አጣ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከብቶች በረት ውስጥ በደረሰበት አደጋ የግራ ዓይኑ ጠፋ። በ1921 ለንደን ሄዶ ሕክምና አጠና።

ሐኪሙ በ1935 ተመልሰው ፖርት ሉዊስ ውስጥ ድሀውን ማከም ያዙ። ሕዝቡ በቦጅፑሪ ቻቻ ይላቸው ጀመር፣ እንደ አጎት። በ1940 እንግሊዞቹ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሾሟቸው፤ በዚያው ዓመት በተቋቋመው አድቫንስ ጋዜጣ ላይ ደግሞ “የአውራ ጣት አሻራ” በሚል የብዕር ስም ይጽፉ ነበር፣ ፊርማ በማያውቀው የአገዳ ቆራጭ ምልክት። በዚያን ጊዜ ድምፅ የመስጠት መብት የነበረው 12,000 ገደማ ሰው ብቻ ነው። ቀላል ዓረፍተ ነገር በየትኛውም የደሴቷ ቋንቋ ማንበብና መጻፍ የቻለ እንዲመርጥ ሲፈቀድ፣ በ1948 ቁጥሩ ወደ 72,000 ዘለለ። በ1959 ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ መረጠ። ከ12,000 ወደ ሁሉም ለመድረስ ሃያ ዓመት እንኳ አልፈጀም፤ በየደረጃው ራምጉላም ነበሩበት፣ አንዳንዴ እየገፉ፣ አንዳንዴ እየጠበቁ። መጠበቅ የሚችል ፖለቲከኛ ብርቅ ነው።

ወደ ነጻነት የተኬደው ግን በደስታ ብቻ አልነበረም። በ1967ቱ ምርጫ ከመራጩ 44 በመቶ ያህሉ ነጻነትን የሚቃወመውን ወገን ደግፏል። ብዙዎቹ ክሬዮሎች፣ በባርነት የተጋዙት ሰዎች ዘሮች፣ በህንድ ተወላጆች አብላጫነት እንዋጣለን ብለው ሠግተው ነበር። በጥር 1968 ፖርት ሉዊስ ውስጥ በክሬዮሎችና በሙስሊሞች መካከል ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ የእንግሊዝ ወታደር ከሲንጋፖር መጣ። መጋቢት 12 ቀን በሻን ደ ማርስ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ባለ አራት ቀለሙ ባንዲራ ሲሰቀል ከአገሩ ሰው ብዙው ቤቱ ተቀምጦ ነበር።

ራምጉላም በዚህ ጊዜ ያደረጉትን ከሥራዎቻቸው ሁለተኛው ድንቅ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። በ1969 ነጻነቱን አጥብቆ የተቃወመውን ሰው፣ ጋኤታን ዱቫልን፣ ጠርተው ጥምር መንግሥት መሠረቱ። የሰጧቸውም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ነው። አዲሷን አገር በዓለም ፊት የሚወክላት፣ እንዳትወለድ የታገለው ሰው ሆነ! ከዚያ ወዲህ ክሬዮሉ “ይህ መንግሥት የእኔ አይደለም” ለማለት ምክንያቱ ሳሳበት። ዋጋ ግን ነበረው፤ የቆየ አጋራቸው የሱክዴኦ ቢሱንዶያል ፓርቲ ጥሏቸው ወጣ፤ በ1972 ሊደረግ የሚገባው ምርጫም ወደ 1976 ተገፋ።

ይህ የኋለኛው እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። በ1970 በራሳቸው ሰፈር በትሪዮሌ የማሟያ ምርጫ ተደርጎ አዲሱ የወጣቶች ንቅናቄ፣ የፖል ቤራንዤ ኤምኤምኤም፣ አሸነፈ። በ1971 የወደብ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ራምጉላም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ፤ ቤራንዤና ጓደኞቻቸው ታሰሩ፤ ጋዜጣ ሳንሱር ተደረገ። ለተሸናፊ ወንበር ያስቀመጠ ሰው፣ ሊያሸንፈው የሚችለውን ወህኒ ማውረዱ በሥራቸው ላይ ያለ ጉልህ ስንጥቅ ነው።

ስንጥቁን የደፈኑትም ራሳቸው ናቸው። በግንቦት 1975 ተማሪዎች ወደ ዋና ከተማው ሰልፍ ወጥተው ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። መንግሥት የመምረጫውን ዕድሜ ወደ 18 ዝቅ አደረገ፤ በ1977 ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነጻ ሆነ። አዲሶቹ ወጣት መራጮች ከኤምኤምኤም ጎን የመሰለፋቸው ነገር ግልጽ ነበር፤ ሆኖም ካርዱን አልከለከሏቸውም። በታኅሣሥ 1976 ኤምኤምኤም 34፣ የራምጉላም ወገን 28፣ የዱቫል ፓርቲ 8 ወንበር አገኙ። ራምጉላም ከዱቫል ጋር ሆነው 36 ለ34 መንግሥት መሠረቱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች ፖርት ሉዊስ ላይ ተሰብስበው ሊቀመንበራቸው አድርገዋቸው ነበር፤ አገራቸው ውስጥ ግን በሁለት ወንበር ብልጫ ላይ ቆመው ነበር የሚመሩት።

ስለ ኢኮኖሚው ብዙ አልልም። ስኳር ብቻ ስትሸጥ የኖረችው ደሴት በ1970 ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችን የሚያበረታታ ሕግ አወጣች፤ በ1975ቱ የሎሜ ስምምነት ደግሞ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ቶን ያህል ስኳር ለአውሮፓ በተረጋገጠ ዋጋ የመሸጥ መብት አገኘች። መደበኛ ጦርም አላቋቋመችም። ያልወጣው የወታደር በጀት ትምህርት ቤት ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

የቻጎስ ደሴቶች ነገር ግን ዝም ተብሎ አይታለፍም። በ1965 በለንደኑ የላንካስተር ሐውስ ጉባኤ ሰሞን የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን ራምጉላምን ለብቻቸው አነጋገሩ። ለዊልሰን በተዘጋጀው ማስታወሻ ላይ፣ ሰውየውን በነጻነት ተስፋ እንዲያስፈራሩ ተመክረው ነበር። የቻጎስ ደሴቶች በሦስት ሚሊዮን ፓውንድ ከሞሪሸስ ተነጠሉ፤ ነዋሪዎቹ እስከ 1973 ድረስ ከቤታቸው ተባረሩ፤ ዲዬጎ ጋርሲያ የአሜሪካ የጦር ሰፈር ሆነች። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2019 ባወጣው አስተያየት፣ ነጥቆ መለየቱ የሕዝቡን ነጻ ፈቃድ ያልያዘ ነበር ብሏል። ይህ የራምጉላምን ጥፋት ቢያቀልልም የቻጎስን ሰው እንባ አያብስም። በግንቦት 2025 ሉዓላዊነቱን ለሞሪሸስ የሚመልሰውን ስምምነት ከእንግሊዝ ጋር የፈረሙት የራምጉላም ልጅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ናቪን ራምጉላም ናቸው።

የሥራው ፈተና የመጣው ሰኔ 11 ቀን 1982 ነው። የተቃዋሚዎቹ ጥምረት በዋናዋ ደሴት 60ውንም ወንበር ወሰደ፤ 60 ለ0። ራምጉላም የራሳቸውን ወንበር እንኳ አጡ። ከነጻነት ጀምሮ አገር የመሩ የ81 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ ኮሮጆ አልተሰረቀም፣ አዋጅ አልታወጀም፣ ሥልጣኑን ለአሸናፊው ጥምረት መሪ ለአኔሩድ ጃግናውት አስረክበው ወጡ። አሁን ያ አባሪ ሥራውን ጀመረ። ዋናዋ ደሴት የላከችው ተቃዋሚ ባልነበረበት ምክር ቤት ውስጥ በስሌቱ መሠረት ከስምንቱ ወንበሮች አራቱ ብቻ ተሞልተው አራት ተሸናፊዎች ገቡ። ከአራቱ አንዱ ዱቫል ነበሩ፤ የተቃዋሚዎች መሪም ሆኑ። የ1966ቱ ስሌት ያዳነው ድሮ እሱን ያስፈለገውን ወገን ብቻ አይደለም፤ የራምጉላምንም ወገን ከባዶ አዳነ። በሚቀጥለው ዓመት ያሸነፋቸው መንግሥት ተከፋፍሎ ጃግናውት አዲስ ጥምረት ሲያበጁ፣ ራምጉላም ጠቅላይ ገዥ ተደርገው ተሾሙ። ታኅሣሥ 15 ቀን 1985 በዚሁ ሥልጣን ላይ እንዳሉ አረፉ። ዛሬ የሞሪሸስ ሩፒ ሳንቲም ላይ የሚታየው ፊት የእሳቸው ነው።

ስሌቱ ግን አርጅቷል። ዕጩ ሁሉ የየትኛው ማኅበረሰብ አባል እንደሆነ እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል፤ የሚካፈለውም የሕዝብ ቁጥር የ1972 ቆጠራ ነው፣ ከዚያ በኋላ ማኅበረሰብ የሚጠይቅ ቆጠራ አልተደረገምና። “እኔ ሞሪሺያዊ ነኝ፣ ሌላ አላስመዘግብም” ያሉ ዕጩዎች አቤቱታቸውን እስከ ተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ አደረሱት፤ ኮሚቴውም በ2012 በዚያ አሮጌ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ምዝገባውን ማስገደድ መብታቸውን ይጥሳል አለ። በ2014 ለአንድ ምርጫ ብቻ የሚያገለግል ማስተካከያ ተደረገ፤ ዋናው ጥያቄ እንዳለ ነው። እኔ ከእነዚያ ዕጩዎች ጋር ነኝ። የልጅ ልጅን በአያቱ መርከብ የሚመዘግበው ክፍል ጊዜው አልፏል፤ ይነሣ። ለሕግ አውጪዎቹ ያለኝ ልመና አንድ ነው፤ ምዝገባውን ስታነሡ ለተሸናፊው የተቀመጡትን ወንበሮች አብራችሁ አታንሡ።