የብርያን ሜይ «ወደ ብርሃን መመለስ»

ከታላቅ ድምፅ አጠገብ ብዙ ዘመን የቆመ ሰው የገዛ ድምፁን ለመስማት ይቸገራል። እንግሊዛዊው ጊታር መቺ ብርያን ሜይ ኩዊን በተባለው የሮክ ጓድ ከ1970 ጀምሮ ከፍሬዲ መርኩሪ ጐን ቆሞ ኖረ። አንዳንድ ዘፈን ራሱ ቢዘፍንም፥ ሕዝቡ የሚያውቀው በጣቱ ነው እንጂ በአፉ አልነበረም። በ1983 ከወዳጆቹ ጋራ ያወጣት አጭር ሸክላ ሳትቈጠር፥ ሙሉ ኾኖ የራሱ የኾነው የመጀመሪያ አልበም «ወደ ብርሃን መመለስ» የወጣው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሴፕቴምበር 1992 ነው።

አልበሙ የሐዘን ዘመን ፍሬ ነው። በ1988 አባቱ ሞተ፤ በዚያው ሰሞን ትዳሩ ተናጋ፤ መርኩሪም በኖቬምበር 24 ቀን 1991 ከዚህ ዓለም ተለየ። አንባቢ ሆይ፥ ይህ ሰው የሚመታው ጊታር ራሱ ከአባቱ ጋራ በ1963 መሥራት የጀመረው መኾኑን ዐስብ። የአንገቱ እንጨት ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ጌጥ የተወሰደ ነው፤ በአንገቱ ላይ የሚታዩት ነጫጭ ምልክቶችም ከእናቱ የልብስ ቍልፎች የተሠሩ ናቸው። እንግዲህ በዚህ መሣሪያ ሐዘንን መናገር፥ የአባት እጅ በነካው እንጨት ላይ ማልቀስ ነው።

ነገር ግን ሐዘን ብቻውን ሥራን መልካም አያደርግም፤ የሚመዘነው በአነጋገሩ ነው። ለዚህም «ፍቅር ሲበዛ ይገድላል» የሚለው ዘፈን ጥሩ ሚዛን ይኾናል። ሜይ ከሌሎች ኹለት ደራስያን ጋራ የጻፈውን ይህን ዘፈን መርኩሪ በሕይወቱ ሳለ ዘፍኖት ነበርና፥ ድምፁ በ1995 በወጣው የኩዊን አልበም ተሰማ። ስለዚህ ኹለቱን ማነጻጸር ይቻላል። የመርኩሪ ድምፅ ሰፊና ባለ ግርማ ነው፤ ሐዘኑን አንሥቶ በአደባባይ ያቆመዋል። የሜይ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ከፍ ባለ ጊዜ ሊሰበር ይደርሳል። ዘፈኑ ግን በኹለት ፍቅር መካከል ተይዞ መንገድ የጠፋበትን ሰው ነገር ይናገራል፤ እንዲህ ያለ ሰው በደሉን በጐላ ድምፅ አይናገርም። በድምፅ ውበት መርኩሪ ይበልጣል፤ በነገሩ እውነት ግን ሜይ ይቀድማል።

«በአንቺ እነዳለሁ» የሚለውን ቅኔ ዐዋቂ ቢሰማው ፈገግ ይላል። ዘፈኑ በመጀመሪያ ለፎርድ አውቶሞቢል ማስታወቂያ የተሠራ ነው፤ ሜይ ግን በዚያው ቃል ውስጥ ሰውን የሚገፋውን የሰው ፍቅር አኖረበት። ሰሙ መኪና፥ ወርቁ ልብ መኾኑ ነው። ኾኖም ሰሙ ለገበያ የተበጀ ስለ ኾነ ፈጽሞ አልቀለጠም፤ ወርቁን ለማየት አድማጩ አስቀድሞ መኪናውን መርሳት ግድ ይኾንበታል።

ጕድለቱ ጐልቶ የሚታየው «ትንሣኤ» በተባለው ዘፈን ነው። የኮዚ ፓወል ከበሮ ይነጐዳል፥ ጊታሩ ይጮኻል፥ ድምፁም ከዐቅሙ በላይ ይወጣል። የጐደለውን ባልንጀራ ስፍራ በኀይል ለመሙላት የተሞከረ ይመስላል። ስሙ እጅግ ከባድ ስም ነው፤ የተሸከመውንም ነገር ጩኸት አያደርሰውም።

ከኹሉ የሚበልጠው ቃል የሌለው «የመጨረሻው አድማስ» ነው። በዚህ ዜማ ሜይ አይዘፍንም፤ አውታሩን እየሳበና እያለዘበ የሰው ድምፅ እስኪመስል ድረስ ያናግረዋል። ማንንም ለመተካት አይጣደፍም፤ የቀረበትን ስፍራ ባዶ አድርጎ ይተወዋል። አድማጩም የሞተውን ሰው በዚያ ዝምታ ያስበዋል።

አልበሙ «ጨለማው» በተባለ አጭር ዜማ ተጀምሮ ወደ አልበሙ ስም ወደ ተሰጠው ዘፈን ይሻገራል። ያ ዘፈን ግን ብርሃን ተገኘ ብሎ አያውጅም፤ ገና ይፈልጋል እንጂ። የሥራው ክብር በዚህ ላይ ነው። ያልደረሰበትን ደረስሁበት የማይል ሐዘንተኛ ታምኖ ይሰማል፤ ድምፁ ቢቀጥንም ቃሉ አይቀጥንምና።