ውለታ ለበትር ፈቃድ አይሆንም

በትምህርት ዓለም ሥር የሰደደ አንድ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም ታላቅ ሥራ የሠራ ሰው ከሥሩ ያሉትን ቢሰድብ፣ ቢያዋርድ፣ ከዚያም አልፎ ቢማታ ሥራው ይቆጠርለትና ጠባዩ ይታለፍ የሚለው ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የተባለው አባባል ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በትምህርት ተቋማት ውስጥ ሌላ መኖሪያ አግኝቷል ማለት ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አስተሳሰብ በታወቀ ጉዳይ ላይ መዝኖ ስሕተቱን ማሳየት ነው። ጉዳዩ የተፈጸመው በጎረቤታችን በሱዳን፣ በኦምዱርማን ከተማ ነው።

በቅድሚያ የተቋሙን ውለታ በትክክል ማስቀመጥ ይገባል። በወጣትነታቸው በማህዲ ጦር የተሰለፉት መምህር ሼኽ ባቢከር በድሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ከጥቁር ዓባይ ዳር በምትገኘው ሩፋዓ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። የእንግሊዝ ሹማምንት ሐሳቡን በጥርጣሬ ያዩት ስለነበር ትምህርቱ የተጀመረው በጭቃ ቤት ውስጥ፣ ከራሳቸው ቤተሰብ በተገኙ ዘጠኝና ከጎረቤት በመጡ ስምንት ልጆች ነው። የቤተሰቡ የማስተማር ሥራ በኋላ ወደ ኦምዱርማን ተዛውሮ «አሕፋድ» በሚለው ስም ታወቀ፤ ትርጉሙም በዐረብኛ የልጅ ልጆች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ በ23 ተማሪዎች የሴቶች ኮሌጅ አቋቋሙ። ኮሌጁም በ1995 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከአባታቸው ቀጥሎ ተቋሙን የመሩት ፕሮፌሰር ቃሲም በድሪ ለሴቶች መብት በመከራከር ስማቸው የታወቀ ምሁር ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018፣ የዳቦ ዋጋ ንሮ በሱዳን ከተሞች ተቃውሞ በበረታበት ወቅት፣ የአሕፋድ ተማሪዎች በግቢያቸው ድምፃቸውን አሰሙ። ከዚያ ቀን የተቀረጸ ፊልም ፕሬዚዳንቱ ሴት ተማሪዎቻቸውን በእጃቸው ሲመቱ አሳየ። ፊልሙ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከሱዳን አልፎ በዓለም ዜና ማሰራጫዎች ታየ። ሴት ልጅ አንገቷን ቀና አድርጋ እንድትናገር በተመሠረተ ቤት ውስጥ፣ ስለ ተናገረች የተመታችው ያችው ሴት ልጅ ነበረች።

እንዲህ ያለ ነገር በሆነ ቁጥር ሦስት መከላከያዎች ይሰማሉ። የመጀመሪያው «ስንት ውለታ የዋለ ሰው ነው» የሚለው ነው። ነገር ግን ውለታው የተዋለው ለማን ነው? ለተማሪዎቹ ከሆነ፣ ባለውለታው በእነሱ ላይ የተለየ መብት የሚያገኝበት ምክንያት የለም። የተሰጠን ነገር በጥፊ የሚያስመልስ ሰው ሰጠ አይባልም፤ አበደረ እንጂ።

ሁለተኛው «እንደ አባት ነው የመታቸው» የሚለው ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ለአካለ መጠን የደረሰች ዜጋ ናት፤ የተመዘገበችውም በልጅነት ሳይሆን በተማሪነት ነው። አባት የሚባለውም ቢሆን ለመምታት ብቻ አባት ሆኖ፣ አቤቱታ ሲቀርብበት ግን ፕሬዚዳንት የሚሆን ከሆነ፣ አባትነቱ መሸሸጊያ ነው።

ሦስተኛው «ከባሰ አደጋ ለማዳን ነው፤ ወደ ውጭ ቢወጡ ፖሊስ ይጠብቃቸዋል» የሚለው ነው። ይህ ከሁለቱ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ በዚያን ጊዜ በሱዳን መንገዶች ላይ አደጋው እውነተኛ ነበርና። ሆኖም በር መዝጋት፣ መለመን፣ ከፊት መቆም ይቻላል። የውጭውን ዱላ ለማስቀረት የውስጡን ዱላ ማንሣት ግን ተማሪዋን የሚያስተምራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዱላ በሁሉም ቦታ እንዳለና የሚለያየው የያዘው እጅ ብቻ መሆኑን።

ይህ ጠባይ የአንድ አገር ወይም የአንድ ሙያ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በዚያው በ2018 በኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ ተመሳሳይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነክስ የተባለውን ሥርዓት የጀመረው የፊንላንድ ተወላጅ ሊነስ ቶርቫልድስ ሥራው ለዓለም ሁሉ የተረፈ ሰው ነው። ይሁንና የላኩለት ሥራ ያላስደሰተውን ባልደረቦች ሁሉ በሚያነበው ደብዳቤ ክፉኛ መዝለፍ ልማዱ ነበር። ከ2013 ጀምሮ በግልጽ የተቃወሙት ነበሩ፤ እሱ ግን ለይምሰል ትሁት አልሆንም ባይ ነበር። በሴፕቴምበር 2018 ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ገለል አለ፤ ተሳታፊዎቹም አዲስ የሥነ ምግባር ደንብና አቤቱታ የሚቀርብበት ቦርድ እንዲኖራቸው ተደረገ። ቶርቫልድስ በኦክቶበር ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ፤ ደካማ ሥራን አልቀበልም ማለቱንም አልተወም። ሊነክስም አልፈረሰም። «ስድቡ ከቀረ ጥራቱ ይወድቃል» የሚለው ሥጋት መሠረት አልነበረውም። ሥራውን መንቀፍና ሠሪውን ማዋረድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ለመምህራን የሚተርፈው ምንድን ነው? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሆኖም ልማድ በአዋጅ ብቻ አይነቀልም፤ የሚተላለፈውም ከአሠልጣኝ ወደ ሠልጣኝ ነው። በማስተማር ልምምድ ጊዜ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ትምህርቱን የሚከታተል አሠልጣኝ፣ ሠልጣኙን በተማሪዎቹ ፊት አቋርጦ «ይኼን ሳታውቅ ነው መምህር የምትሆነው?» ቢለው፣ ያ ሠልጣኝ በዚያ ቀን የቀሰመው የትምህርት አሰጣጥ ዘዴ ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ነገ ስልሳ ተማሪ ፊት ሲቆም የሚያስታውሰው የመማሪያ መጽሐፉን ሳይሆን ያንን ድምፅ ነው።

መፍትሔው የሰዎችን ደግነት መጠበቅ አይደለም። ደጎቹም ሥልጣን ሲይዙ ሊሳሳቱ እንደሚችሉ የኦምዱርማኑ ጉዳይ በግልጽ አሳይቷል። የሚያስፈልገው ሥርዓት ነው። እርማት ከክፍል በኋላ፣ በማስታወሻ ላይ፣ በሥራው ላይ ብቻ ይሰጥ። የተበደለ ሠልጣኝ ወይም ተማሪ አቤት የሚለው ውጤቱን ለማይሞላ፣ ከበዳዩም በታች ላልሆነ ሰው ይሁን። አቤቱታውም በጽሑፍ ተይዞ በጽሑፍ ይመለስ።

ተቋምን ማመስገን ስንፈልግ ማን መሠረተው፣ ስንት አስመረቀ ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን አንድ ይጎድለዋል። በዚያ ግቢ ውስጥ ከሁሉ ታናሽ የሆነችው ተማሪ ከሁሉ በላይ ስለሆነው ሰው ቅሬታ ቢኖራት፣ ሳትፈራ የምታንኳኳው በር አለ ወይ?