አሞራ ገደል በማለዳ

ሐዋሳ የሄደ ቤተሰብ በማለዳ ቢነሳ አይቆጭም። የአጥማጆቹ ጀልባዎች መረባቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ዳር ሲጠጉ የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ይሟሟቃል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ራሰ በራ ጭንቅላታቸውን ደፋ አድርገው ትርፍራፊውን ይጠብቃሉ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቁኝ ዓሣ የሚበልቱት ወጣቶች ናቸው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከጀርባ አጥንቱ ጥግ በቢላ ይሰነጥቁታል፣ ቆዳውን ሙልጭ አድርገው ይገፉታል፣ እሾህ የሌለበትን ሥጋ ለይተው ያስረክባሉ። እንዲህ ያለ እጅ ይስጠን! ልጆቻችን ዓይናቸውን አይነቅሉም። ከዚያ ጥብሱ ይመጣል፤ እስከ አጥንቱ ተተልትሎ ጥርት ብሎ የተጠበሰ፣ ከዳጣ ጋር። እየተሻማን እንበላለን፤ በዙሪያችን ባሉት ዛፎች ላይ ጉሬዛና ጦጣ ይዘላሉ።

ያላደገውን ዓሣ የሚጠርግ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ከበዛ ግን ይህ ጠዋት ይቀራል። ዓሣው እስኪያድግ የሚታገሡትን አጥማጆች ከልቤ አመሰግናለሁ።