ሁለት ሰልፎች በአንድ ቀን

ለሰልፍ ደግሞ ሒስ ይጻፍለታል ወይ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሒስ የምናውቀው ለልብ ወለድ፣ ለቴአትርና ለሥዕል ነው። ነገር ግን አንድ አገር በብሔራዊ በዓሉ ቀን አደባባይ የሚያወጣው ትርኢትም አዘጋጅ አለው፣ አልባሳትና ሙዚቃ አለው፤ ተመልካቹም ከየትኛውም ቴአትር ቤት ታዳሚ ይበዛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አገሩ ስለ ራሱ ምን ሊናገር፣ ምንስ ዘልሎ ሊያልፍ እንደፈለገ ይታይበታል። ስለዚህ ሊመዘን ይገባዋል ባይ ነኝ።

ይህን ያሰብኩት ደብሊን ላይ ነው። ባለቤቴ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ከአየርላንድ በስተደቡብ በምትገኘው ኮርክ ከተማ ትማር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ልጠይቃት ሄጄ ሳለሁ የአየርላንዶች ብሔራዊ በዓል፣ የቅዱስ ፓትሪክ ቀን ደረሰ። በዓሉ መጋቢት 8፣ ሰኞ ላይ በመዋሉ ከቅዳሜ ጀምሮ ሦስት የዕረፍት ቀን ተገኘ። ባቡር ተሳፍረን ደብሊን ገባን።

ፓትሪክ በትውልዱ የአየርላንድ ሰው አይደለም። ሮማውያን ይገዙት ከነበረው የብሪታንያ ምድር በአሥራ ስድስት ዓመቱ ተማርኮ ወደ አየርላንድ ተወሰደ፤ ስድስት ዓመት በባርነት እረኛ ሆኖ ኖረ፤ አምልጦ አገሩ ከገባ በኋላ ወንጌል ይዞ ወደ ማረኩት ሰዎች ተመለሰ። በምርኮ አክሱም ገብቶ በኋላ ጳጳስ ሆኖ የተመለሰውን ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ለሚያውቅ አንባቢ ታሪኩ እንግዳ አይሆንበትም።

ዛሬ በዓሉ ሲነሳ የሚታወሰው ቢራው ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1927 የወጣ ሕግ በዚያ ቀን መጠጥ ቤቶች እንዲዘጉ ያስገድድ ነበር፤ ክልከላው የተነሳው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሰልፉም ቢሆን በአብዛኛው የስደተኞች ሥራ ነው። አየርላንዶች ኒው ዮርክ ውስጥ በዚህ ቀን መሰለፍ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1762 ሲሆን፣ መንግሥት ያዘጋጀው የደብሊን ሰልፍ ግን የተጀመረው በ1931 ነው። አሁን የምናየው ትልቁ ፌስቲቫል ደግሞ ከ1996 ወዲህ የመጣ ነው።

ሰልፉ እኩለ ቀን ላይ ከፓርኔል አደባባይ ተነስቶ በኦኮኔል ጎዳና ቁልቁል ወረደ። ሊፊ ወንዝን ተሻግሮ ወደ ቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ያቀናል። ግዙፍ አሻንጉሊቶች፣ ጭምብል ያጠለቁ ጨፋሪዎችና ከአሜሪካ የመጡ የተማሪዎች ማርሽ ባንዶች አለፉ። ሕዝቡ አረንጓዴ ለብሶ፣ ልጁን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ያጨበጭባል። ቀለሙ ያምራል፣ ቅንብሩም የሠለጠነ ነው። እኔ ግን ቅር አለኝ። ለቱሪስት የተቀባ ትርኢት ነው፤ በየትኛውም ከተማ ቢደረግ ያው ነው፤ አየርላንድ የቷ ጋ ናት እያልኩ በባለቤቴ ጆሮ አጉረመረምኩ።

«አንተ ደስታ ስታይ ትጠራጠራለህ» አለችኝና ማጨብጨቧን ቀጠለች።

ሁዳዴ ስለነበር ድንች ጥብስ ገዝተን እየበላን የወንዙን ዳር ይዘን ወደ ምሥራቅ ተጓዝን። ከኦኮኔል ድልድይ አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄድን ከስተም ሐውስ ኪ የተባለው የወደብ ዳርቻ ላይ ሌላ ሰልፍ አገኘን። ይህኛው ከነሐስ የተሠራ ነው። ሮዋን ጊሌስፒ የተባለው የአየርላንድ ቀራጺ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1997 የቆመው የረሀብ መታሰቢያ ነው። አጥንታቸው የወጣ፣ ቡትቶ የለበሱ ሰዎች ወደ መርከብ ይጓዛሉ። አንዱ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ተሸክሟል። ውሻ ከኋላ ይከተላቸዋል። ከፍ ያለ መቆሚያ አልተሠራላቸውም፤ ከእኛው ጋር በአንድ ድንጋይ ላይ ቆመዋል። ቁመታቸውም የሰው ቁመት ነው። የሥራው ትልቁ ብልሃት ይህ ይመስለኛል፤ ተመልካቹ ሽቅብ አያይም፣ መሐላቸው ገብቶ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 በዘለቀው ረሀብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል፤ ከዚያ የሚበልጥ ተሰዷል። ከረሀቡ በፊት የደሴቲቱ ሕዝብ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ዛሬም ያን ቁጥር አልመለሰም። የሚገርመው ደግሞ የቀኑ ነገር ነው። በረሀቡ ዘመን መጀመሪያ ከዚህ ወደብ ከተነሱት መርከቦች አንዷ ፐርሲቨራንስ፣ 210 መንገደኞች ይዛ ወደ ኒው ዮርክ የቀዘፈችው በ1846 በቅዱስ ፓትሪክ ቀን ነው። ሁለቱ ሰልፎች አንድ ቀን ይጋራሉ። የሚያገናኛቸው ግን የለም።

ይህን ለባለቤቴ እየተነተንኩ ስልኬን አወጣሁና «እዚህ ጋ ቁሚ፣ ላንሳሽ» አልኳት። አልቆምም አለች።

«እማዬ እንዲህ ሆና ኮረም ስትገባ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ነበሩ። ስሟን የጠየቃት ግን አልነበረም።»

አማቴ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ገጠር በእግራቸው ኮረም ደርሰው የተረፉ ናቸው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የቢቢሲ ካሜራ ከኮረም ያሳየውን ዓለም አየ። ዘገባውን አይቶ ሙዚቀኞችን ያሰባሰበው ቦብ ጌልዶፍ የዚሁ የደብሊን አካባቢ ልጅ ነው፤ በሐምሌ ወር የተካሄደው የላይቭ ኤድ ኮንሰርትም የዚያው ጥረት ተከታይ ነበር። ምስሉ እህል አምጥቷል፤ ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ እኛ ለብዙ ሰው በዚያ ምስል ውስጥ ቀረን። አየርላንዶች የራሳቸውን ረሀብ ምስል የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ያውም ረሀቡ ከከፋበት ከ1847 በ150ኛው ዓመት። በሰው እጅ የተያዘ ምስልና በባለቤቱ እጅ የተቀረጸ ምስል አንድ አይደሉም። እንደዚያም ሆኖ የባለቤቴ ቅሬታ ለዚህ ሐውልትም ይሠራል። እነዚህ ሰዎች ሲራቡ እንጂ ከመራባቸው በፊት በየትኛው ቋንቋ ይቀልዱ እንደነበር፣ ለበዓል ምን ይዘፍኑ እንደነበር ሐውልቱ አይነግረንም። እሱን የሚነግረን ሰልፉ መሆን ነበረበት።

«እነዚያ ትራምፔት የሚነፉት የአሜሪካ ልጆች» አለች ባለቤቴ ትንሽ ቆይታ፣ «የነዚህ ሰዎች የልጅ ልጆች ይኖሩባቸዋል እኮ። የሄዱት ተመልሰው መጡ ማለት ነው። አንተ ግን ቱሪስት አልካቸው።»

የምመልሰው አጣሁ። አየርላንድ የቷ ጋ ናት ብዬ ስጠይቅ አየርላንድ በፊቴ እየነፋች አልፋለች። ስለዚህ በሰልፉ ደስታ ላይ የሰነዘርኩትን ነቀፌታ አነሳለሁ። የማላነሳው አንድ ነው፦ ሰልፉ ይህን መመለስ ራሱ አያውቀውም፣ ወይም አይናገረውም። ከድልድዩ ላይ ወደ ግራ ቢታጠፍ፣ ከባንዶቹ አንዱ እንኳ እነዚያ ነሐሶች ፊት ቆሞ አንድ ዜማ ቢነፋ፣ ጭፈራው አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ምክንያት ያገኛል። እኛም የድል ቀን ሰልፍ አለንና ነገሩ የሌላ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእግሩ ኮረም የገባውን ሰው በየትኛው በዓላችን እናነሳዋለን?

ማታ ባለቤቴ እናቷ ዘንድ ደውላ ስለ ሐውልቱ ነገረቻቸው። አማቴ ስለ አጥንታቸውም ስለ ቡትቷቸውም አልጠየቁም።

«ምን ይዘዋል?» አሉ።

«ትንሽ ትንሽ ጓዝ ይዘዋል፣ እማዬ።»

«ደረሱ?»

ባለቤቴ ስልኩን እንደያዘች አየችኝ። ያው ቀራጺ እ.ኤ.አ. በ2007 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ወደብ ላይ የደረሱትን ሰዎች ሠርቷል፤ አንደኛው ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቷል። እኔ ያየሁት በፎቶግራፍ ብቻ ነው። «የደረሱ አሉ በያቸው» አልኳት።