ስሌቱ የሚፈስበት ማሽን፦ የአናሎግ ኮምፒውተር ጥበቃ ምንን ይጠብቃል?

በለንደኑ የሳይንስ ሙዚየም ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ታንኮችና ቧንቧዎች የተሠራ ማሽን ለጎብኚ ቆሟል። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያለው ወንድሙ ግን ተጠግኖ ዛሬም ውሃ ይፈስበታል። ሁለቱም ቢል ፊሊፕስ የነደፋቸው አናሎግ፣ ማለትም ቁጥርን በአካላዊ መጠን የሚወክሉ፣ የኢኮኖሚ ማስያዎች ናቸው፤ ሁለቱም በክብር ተይዘዋል። እኩል ተጠብቀዋል ለማለት ግን ይከብደኛል።

ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1914 ኒውዚላንድ ተወለደ። ሙያው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓን ምርኮኛ ሆኖ ጃቫ ቆይቷል። ከጦርነቱ በኋላ በለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ሶሲዮሎጂ ሊማር ገብቶ ልቡ ወደ ኢኮኖሚክስ ሸፈተ። የመጀመሪያውን ማሽን ክሮይደን በሚገኝ ጋራዥ ውስጥ ገጣጥሞ፣ በኅዳር ወር 1949 እዚያው ትምህርት ቤት ለምሁራን አሳየ።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ቀለም የገባበት ውሃ የአገር ገቢ ነው። ከላይ ሲወርድ ግብር ይቀነስበታል፣ ቁጠባ ወደ ጎን ይወጣል፣ የቀረው ፍጆታ ይሆናል፤ ከፊሉም ለውጭ ዕቃ ይከፈላል። የመንግሥት ወጪ፣ ኢንቨስትመንትና የኤክስፖርት ገቢ ተጨምረውበት ታች ይጠራቀማል፤ ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ስሌቱ የሚሠራው ግን ዓይን በማይስበው ቦታ ነው። ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከፍ ዝቅ ሲል ገመድ ይስባል፤ ገመዱ በመዘውር ዞሮ፣ ፕላስቲክ ላይ የተቆረጠውን ቅርጽ እየተከተለ፣ የውሃውን መጠን ይወስናል። ያ የተቆረጠ ቅርጽ ራሱ እኩልታው ነው። ሌላ የኢኮኖሚ ግምት መሞከር የፈለገ ሰው ቅርጹን አውጥቶ ሌላ ይተካል። ብዕሮች ደግሞ ውጤቱን ወረቀት ላይ ይሥላሉ።

በዘመኑ የኢኮኖሚ ሊቃውንቱ የኬይንስና የሮበርትሰን ተከታዮች የወለድ መጠንን የሚወስነው ምንድን ነው እያሉ ይሟገቱ ነበር፤ ሰው በእጁ ሊይዝ የሚሻው የገንዘብ ክምችት ነው ወይስ የብድር ገንዘብ ፍሰት? ማሽኑ ሁለቱን በአንድ ታንክ አገናኛቸው፤ የውሃው ከፍታ ክምችቱ ነው፣ የሚገባውና የሚወጣው ፍሰቱ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጄምስ ሚድም ሁለት ማሽኖችን አያይዞ የአንድ አገር ውሳኔ ሌላውን እንዴት እንደሚነካ ለተማሪዎች አስተምሮበታል። ይህ ሁሉ በእንቅስቃሴ የቀረበ ክርክር ነው፤ ውሃው ሲደርቅ መከራከሪያው አብሮ ይጠፋል።

ለዚህ በዲጂታል ኮምፒውተር ማስመሰል ይበቃል የሚሉ አሉ። ቁጥሩን በእርግጥ ይሰጣል። ውሳኔና ውጤት መካከል ያለውን መዘግየት ግን እዚህ ያመጣው ታንኩ እስኪሞላ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ ማስመሰያው ላይ መዘግየቱን ፕሮግራም ጸሐፊው አስቦ ማስገባት አለበት። ለተመልካች ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ማንቀሳቀስ ጉዳት አለው። ውሃ ብረት ያዝጋል፣ አልጌ ያበቅላል፤ ያረጀ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። ከተሠሩት ጥቂት ማሽኖች አንዳንዶቹ ሳይነኩ መቀመጣቸውን የምደግፈውም ለዚህ ነው። ለሚሠሩት ግን መመዘኛችን ስሌቱ የሚካሄድበት ቦታ ይሁን። ፓምፑ ውሃ ከመግፋት በቀር ስለ ኢኮኖሚው የሚለው ነገር የለም፤ አሮጌው በመዝገብ ተቀምጦ በአዲስ ቢተካ ማሽኑ ያው ነው። የተቆረጠው ቅርጽ፣ ተንሳፋፊውና ታንኩ ግን ልኬታቸው ከተዛባ ሌላ ኢኮኖሚ እያሰላን ነው። ሰብሳቢዎች ከማሽኑ ጋር ተለዋጭ ቅርጾቹንና የማስተካከያ ማስታወሻዎቹን እንዲፈልጉ አጥብቄ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

በኤሌክትሮኒክስ አናሎግ ኮምፒውተሮች ላይ አደጋው ይብሳል። እነሱ ላይ ፕሮግራሙ ሰሌዳው ላይ የተሰኩት ሽቦዎች ናቸው። ለማጓጓዝ እንዲመች ተብሎ ሽቦዎቹ ሲነቀሉ፣ ማሽኑ በመጨረሻ ሲፈታው የነበረው ጥያቄ በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። የተበላሸ ካፓሲተር መቀየር ይቻላል፤ ከሽቦው ግን አንድም ከመነቀሉ በፊት እያንዳንዱ ከየት ወዴት እንደሚሄድ መጻፍና ሰሌዳውን ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል።